ሟቹ ምስክር

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው የአያናው ጎሚስታ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ አያናው የባጃጅ ጎማ ይፈታል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከአውስትራሊያ የተመለሰው ታናሽ ወንድሙ ፈንታሁን በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

አያናው፦ አልሄድም አልኩህ። ክሪኩን አቀብለኝና ሌላ ወሬ አምጣ።

ፈንታሁን፦ ነገ ጠዋት ብቻ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ወረዳ ትገባለህ፣ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ እዚሁ አዘዞ ተወልዶ ያደገ ነው» ብለህ ትፈርማለህ፣ ትወጣለህ።

አያናው፦ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅህ የለ? ከመጣህ ጀምሮ ጫማህን ሊያይ ያልመጣ ሰው የለም። ከእነሱ አንዱን ውሰድ።

ፈንታሁን፦ ሦስት ምስክር አምጣ ተብዬ ሁለት አገኘሁ። ልጅነቴን ከሚያውቁት ግማሾቹ አፈር ገብተዋል፣ ግማሾቹ እንደኔ አገር ለቀዋል።

አያናው፦ የቀረሁት እኔ ነኝ በለኛ። መቅረት ድሮም የኔ ሥራ ነው።

ፈንታሁን፦ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው የሚለውን ቢጫ ካርድ ካላወጣሁ፣ ቪዛዬ ሲያልቅ ውጣ ነው የሚሉኝ። እትብቴ ከተቀበረበት አገር።

አያናው፦ እትብትህስ እዚህ ነው። አንተ ግን እጅህን አንስተህ ለሌላ ባንዲራ የማልክ ሰው ነህ። ፎቶውን እማዬ ከራስጌዋ ሰቅላው ነበር። ለመጣ ለሄደው «ልጄ ዜግነት ተሰጠው» ትላለች፣ እኔን ደግሞ «አንተ ተነስና ውሃ ቅዳ» ትለኛለች።

ፈንታሁን፦ ደግሞ ጀመርክ።

አያናው፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለመሆኑ ቀርተህ ምን ልትሠራ ነው? ቤቱን ለመካፈል ከሆነ አትድከም፣ ጣራው ያፈሳል።

ፈንታሁን፦ ቤቱ ያንተ ነው፣ አልነካውም። እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር የምሠራው። ጠያቂ የሌለው ሰው ሲሞት አንሶላውን የምገፍፈው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሽማግሌ ይተኛበታል። ሚስቴ ከሄደች ወዲህ አንሶላ በገፈፍኩ ቁጥር የራሴ አልጋ ነው የሚታየኝ። ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ ሰው እንኳ የለም።

አያናው፦ እዚህስ ማን አለህ?

ፈንታሁን፦ አንተ አለኸኝ።

አያናው፦ እስቲ ያንን የውሃ ሳፋ አቅርብልኝ። የጎማው ውስጥ ካላማዳሪ የት ላይ እንደሚተነፍስ ልይ።

ፈንታሁን፦ ይኸውልህ። ትሄዳለህ ማለት ነው?

አያናው፦ ትናንት የጎረቤታችንን ልጅ፣ ውዴን፣ ስትመክራት ሰማሁ። እናንተ በር ላይ ቁጭ ብላችኋል፣ እኔ ከአንድ ደንበኛ መኪና ሥር ተኝቻለሁ። ከሥር የተኛ ሰው ብዙ ይሰማል።

ፈንታሁን፦ እጮኛዋ ወደ ውጭ ሊወስዳት ወረቀት ጀምሮላት ነው። እዚያም ቢሆን የሐበሻው ሁሉ ፎርም በኔ እጅ ነበር የሚያልፈው።

አያናው፦ «ባዶ ቦታ አትተዪ፣ የሌለሽን የለም ብለሽ ሙዪው» አልካት። «የልደት ቀንሽን ወደ ፈረንጅ አንዴ በትክክል ለውጪና ሁልጊዜ ያንኑ ጻፊ» አልካት። «የምታስገቢውን ሁሉ ኮፒ አስቀሪ» አልካት። መልካም። ከዚያ ምን አልካት?

ፈንታሁን፦ እህት ወንድሞችሽን አንድ ሳታስቀሪ ጻፊ አልኳት። ዛሬ የዘለልሽውን ሰው ነገ ልውሰደው ብትይ ከየት መጣ ይሉሻል አልኳት።

አያናው፦ ከዚያስ?

ፈንታሁን፦ አንዴ የተናገርሽውን እንዳትለውጪ። የመጀመሪያ ቃልሽ እስከ መጨረሻው ይከተልሻል፣ ስለዚህ መጀመሪያውኑ እውነቱን ተናገሪ አልኳት።

አያናው፦ የትልቅ ሰው ምክር ነው። ማን አስተማረህ?

ፈንታሁን፦ ምን ለማለት ነው?

አያናው፦ አብረን የተሰደድንበትን ካርቱምን ለማለት ነው።

ፈንታሁን፦ ካርቱም ምን ሆነ? አንተ አገሬ ናፈቀኝ ብለህ ተመለስክ፣ እኔ ዕድሉ ወጣልኝና ሄድኩ።

አያናው፦ እኔ ከከተማ ወጥቼ ጡብ ስጋግር ያንተ ተራ ደረሰና ስደተኞች ቢሮ ተመዘገብክ። ከወር በኋላ የኔ ተራ ሆነ። ወንድም አለህ ወይ አሉኝ። አለኝ፣ ፈንታሁን መርሻ ይባላል፣ በእናት አንድ ነን፣ አባታችን ይለያያል አልኩ። ሰውዬው ኮምፒዩተሩን አየና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚዋ የአስመራ ልጅ ነበረች። እሷም «የፈንታሁን ወንድም መተማ መንገድ ላይ ሞቷል፣ ራሱ ነው ያስመዘገበው። ታዲያ አንተ ማን ነህ? እያለህ ነው» አለችኝ።

ፈንታሁን፦ ታውቅ ነበር።

አያናው፦ እኔ ማን ነኝ? መልሱን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

ፈንታሁን፦ ይህን ሁሉ ዓመት በስልክ ስናወራ…

አያናው፦ ደህና ነህ ወይ ስትለኝ ደህና ነኝ አልኩህ። ለሞተ ሰው ደህና ነበርኩ።

ፈንታሁን፦ እንዲህ በል ያለኝ ሃምሳ አለቃ ደምለው ነው። ካርቱም ዴም ሰፈር የነበረው፣ ለስደተኛው ሁሉ ታሪክ የሚያሰናዳው። ብቸኛና ሐዘንተኛ ሰው ቶሎ ይወጣል አለኝ። ወንድምህን ከደረስክ በኋላ ታስመጣዋለህ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አመንኩት።

አያናው፦ እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ቀበርከኝ። ዕንባ እንኳ ሳይወጣህ አይቀርም ቢሮው ውስጥ።

ፈንታሁን፦ ወጥቶኛል። የውነት ነው ያለቀስኩት፣ ከአፌ ሲወጣ ደንግጬ። በኋላም ላስተካክለው ብዬ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱን ስሞላ ስምህን ጽፌ ሰረዝኩት፣ ዜግነቱን ስሞላም እንደዚያው። ግን ሞቷል ያልኩትን ሰው አለ ብል፣ ዋሽተህ ነው የገባኸው ብለው የሰጡኝን ሁሉ ይነጥቁኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አያናው፦ ወረቀቱስ ይሁን። ወረቀት እናት የለውም።

ፈንታሁን፦ ለእማዬ ነገርካት?

አያናው፦ ምን ብዬ? ታናሼ ገደለኝ ብዬ? ናፍቀሽኝ ተመለስኩ አልኳት። እሷ «ልጄን በረሃ ጥሎ የመጣ» አለችኝ። ጎረቤት ፊት፣ እድርተኛ ፊት። ሽማግሌ ልኬባቸው የነበሩ ሰዎችም ወንድሙን ጥሎ የመጣ ሚስቱንስ መቼ ይይዛል ብለው ልጅቷን ለሌላ ዳሩ። አንተ በደወልክ ቁጥር ምርቃቱን ላንተ ታዘንበዋለች፤ ስልኩን ከጆሮዋ የምይዝላት እኔ ነኝ።

ፈንታሁን፦ ለምን አልነገርካትም?

አያናው፦ አንድ ልጅ ብትጠላ ይበቃታል ብዬ ተውኩት። ስትሞትም ራሷን የደገፍኩት እኔ ነኝ። «ፈንታዬ» ብላ ጠራች። አንተን ሆኜ አቤት አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

ፈንታሁን፦ ወንድም ጋሼ…

አያናው፦ ተቀመጥ። እጄ ግሪስ ነው፣ ልብስህን አበላሽብሃለሁ።

ፈንታሁን፦ ይበላሽ። ምን ልበልህ?

አያናው፦ ምንም አትበል። ነገ ስንት ሰዓት ነው?

ፈንታሁን፦ ሁለት ተኩል።

አያናው፦ ለእማዬ አርባ የለበስኩት ሸሚዝ አለ፣ እሱን እለብሳለሁ። ምን ምን ይጠይቁኛል? ከካርቱም ወዲህ የቢሮ ሰው ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል። እስቲ አለማምደኝ።

ፈንታሁን፦ ሙሉ ስምዎ?

አያናው፦ አያናው ተገኘ።

ፈንታሁን፦ ሥራዎ?

አያናው፦ ጎሚስታ። አየህ፣ አልከበደኝም።

ፈንታሁን፦ አመልካቹን በምን ያውቁታል?

አያናው፦ ታናሽ ወንድሜ ነው። የአንድ እናት ልጆች ነን። እናታችን ገበያ ስትወርድ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። ምን አፈጠጥክብኝ? በዛ? ላሳጥረው?

ፈንታሁን፦ አልበዛም። እዚያ ላይ አንዲት ነገር አለች።

አያናው፦ ምን?

ፈንታሁን፦ አዲስ አበባ ያስገባሁት ፎርም ላይ እህትና ወንድም የሚሞላበት ቦታ ነበረው።

አያናው፦ እሺ።

ፈንታሁን፦ ከዚያኛው አገር ወረቀቴ ጋር እንዳይጋጭብኝ ብዬ ነው። ቢያመሳክሩትስ?

አያናው፦ ምን ብለህ ሞላኸው?

ፈንታሁን፦ የለም ብዬ።

አያናው፦ መቼ?

ፈንታሁን፦ በመጣሁ በሳምንቱ።

አያናው፦ እኔ ቤት እያደርክ። አልጋዬን ለቅቄልህ እኔ መሬት እየተኛሁ።

ፈንታሁን፦ ወረቀት ነው እኮ፣ ወንድም ጋሼ። ነገ ጎረቤቱ ነኝ በልልኝ። የአባታችን ስም አይገናኝም፣ የወረዳዋ ጸሐፊም ለሰፈሩ አዲስ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ካርዱ ብቻ ይውጣልኝ፤ ከዚህ በር ወዲህ እስክሞት ወንድምህ ነኝ።

አያናው፦ ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የሚተነፍሰው። ማስቲሹን አቀብለኝ።

ፈንታሁን፦ ተቀየምከኝ?

አያናው፦ አልተቀየምኩም። ሄጄ እፈርምልሃለሁ። ጎረቤቴ ነው፣ ደህና ሰው ነው እላለሁ።

ፈንታሁን፦ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ውለታህን…

አያናው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንዴ የተናገርኩትን ደግሞ አልለውጥም፣ ምክሩ ያንተው ነው። በል አሁን ግባና ሻንጣህን አውጣ። ጎረቤት የሚያድረው በራሱ ቤት ነው።