እንደ ልጄ ናት

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ገና ሳይደርቅ የላውንደሪው በር ተከፈተና ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛዋ ክርና መርፌ ልትገዛ ካፖርት ለብሳ የወጣችው ሠራተኛ ናት፤ ስትመለስ ካፖርቱ የለም፣ የሸሚዟም እጅጌ ተተርትሯል። ሁለተኛው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። የሱቁ ባለቤት እትዬ እንፋሎት ለጊዜው አላወቁትም፤ ቆይተው ግን ድሮ ከላይኛው ፎቅ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ልጅ መሆኑ ትዝ አላቸው። የተማሪ ቤት ሸሚዙን ስንት ጊዜ ተኩሰውለታል። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ከሌላ አገር ለመጡ ሰዎች በከፈተው የማታ ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል።

እትዬ እንፋሎት የሚለው ቅጽል ስም ያለ ነገር አልወጣላቸውም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በመተኮሻው እንፋሎት ውስጥ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ ፊታቸው ከጉሙ ብቅ ይልና፣ የመጣው ልብስ ምንም ይሁን ምን፣ «ነገ ይደርሳል» ይላሉ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከሱቁ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ጭር ብለው ከርመው ነበር። ብቻውን የሚኖር ሰው ድምፁ እንኳ ይዝጋል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመጣ ጉሮሯቸውን ሳይጠራርጉ መናገር ያቅታቸው ነበር።

ይህች ሴት የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። አንድ ብርዳም ቀን ሻንጣዋን እንደያዘች፣ ከሱቁ የሚወጣውን ሙቀት ፍለጋ ደጃፉ ላይ ቆመች። እትዬ እንፋሎት አስገቧት፣ ሻይ ሰጧት። በማግስቱ ካውያውን አነሳች፤ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፣ እስካሁን አላስቀመጠችውም። አገሯ ሌላ፣ ቋንቋዋም ሌላ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም። መኝታዋ የኋላው ክፍል፣ ምግቧ ከእሳቸው ጋር፣ ልብሷ ደግሞ ባለቤቱ ሳይወስደው ከቀረው ልብስ መስቀያ ነው። እንዲህ ያለ መስቀያ የሌለው ላውንደሪ የለም። ሰው ልብሱን ሰጥቶ ይረሳል፣ ሰፈር ይለቃል፣ ወይም ይሞታል። እትዬ እንፋሎትም ዓመት ጠብቀው ያልተወሰደውን ለእሷ ያለብሳሉ። ማን ናት ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እንደ ልጄ ናት።»

መምህሩ የሆነውን ተረከላቸው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንዲት ወይዘሮ ካፖርቱን አይታ «የእኔ ነው» ብላ አንገትጌውን ያዘች። ሴትዮዋ ረጅም ሕመም ታማ ከርማ ኖሯል፤ ስትድን ካፖርቷን የት እንደሰጠች ጠፍቷታል። ሰው ተሰበሰበ። ከየት አመጣሽው ተብላ ስትጠየቅ ሠራተኛዋ የምታውቀውን ቃል ሁሉ አወጣች፤ የምታውቀው ግን ሱቁ ውስጥ የሚነገረውን ብቻ ነው። «ነገ ይደርሳል» አለች። ሰዉ ሳቀ። ግራ ሲገባት «ደረሰኝ ይዘዋል?» አለች። ሰዉ ይበልጥ ሳቀ፤ ወይዘሮዋ ግን ያላገጠችባት መስሏት ጎትታ አስወለቀቻት። አንዱ ፖሊስ ይጠራ ሲል መምህሩ በአጋጣሚ ደረሰ። ሴትዮዋን አረጋግቶ፣ ሠራተኛዋን ከሕዝቡ መሃል አውጥቶ ይዟት መጣ።

እትዬ እንፋሎት ወይዘሮዋን ረገሙ፣ ሰዉንም ረገሙ። ከዚያ ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች መሆኑን አይተው ወደዚያው መስቀያ ሄዱና ሌላ ካፖርት አወረዱላት።

«እትዬ፣» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ፣ «ይሄኛውስ የማን ነው?»

የእትዬ እንፋሎት እጅ አየር ላይ ቀረ። ሠራተኛዋ ቃሉ ባይገባትም ነገሩ የገባት ይመስል አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላው ክፍል ገባች።

«ታዲያ ራቁቷን ትሂድ?» አሉ እትዬ እንፋሎት፣ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው።

«ደመወዝ ይክፈሏትና የራሷን ትግዛ።»

«ለልጅም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?»

«ለልጅ አይከፈልም፤ ልጅ ግን ትወርሳለች። ይቺ ምን ትወርሳለች?»

ይህን ጊዜ እትዬ እንፋሎት ተቆጡ። ሲቆጡ ሸሚዝ ያነሳሉ፤ ንግግሩን የቀጠሉት እየተኮሱ ነው። መንግሥት ዝቅተኛው ደመወዝ ይሄን ያህል ነው ብሎ መደንገጉን ሰምተዋል፤ ግን እሳቸውና ልጅቷ በሚበሉበት ጠረጴዛ መንግሥት ሦስተኛ ሆኖ እንዲቀመጥ አልጠሩትም። ያን ቀን በብርድ ስትንቀጠቀጥ መንግሥት የት ነበረ? ሻይ የሰጣት እሱ ነው ወይስ እሳቸው?

መምህሩ አልተከራከረም። የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እውነት ስትነገረው መቀበል ሲያቅተው ነው፤ ይሄኛው ግን ከዚያ የዳነ ነበር። «እርስዎ ነዎት፣» አለ። «ሻዩን መንግሥት አልሰጣትም። ግን እትዬ፣ ያን ቀን ከእርስዎ በር ይልቅ ሌላ በር ላይ ቆማ ቢሆንስ? እኔ ክፍል ውስጥ የምታለቅስ ሴት አለች። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቆልፎባት ነበር። እሱንም ስንጠይቀው ያለን 'እንደ ልጄ ናት' ነው። እርስዎ ከልብዎ ይሉታል፣ እሱ ለመሸፈኛ ይለዋል። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ግን ቃሉ አንድ ነው። ሕግ የወጣው እንደ እርስዎ ያለ ሰው ላልገጠማት ነው።»

«እንግዲያው ሄዶ እሱን ይያዘው። እኔ ምን አደረግሁት?»

«ሕጉ እርስዎን ከዘለለ እሱም በእርስዎ ቀዳዳ ይሾልካል።»

እትዬ እንፋሎት የሸሚዙን አንገትጌ ገለበጡና ወደ ግብሩ ዞሩ። እዚያ ላይ ብዙ የተጠራቀመ ነገር ነበራቸው። «ግብር ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። የሱቁን እከፍላለሁ፤ የእሷንም ይክፈሉ ልትለኝ ነው። ደጄ ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው! አምና አንዲት አሮጊት እዚያው ጨለማ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ወተቷን ማን ነው የሚያልባት?»

«የመብራቱ ነገር ያሳፍራል፣» አለ መምህሩ። «የሚባክን ገንዘብ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። ነገር ግን እኔ የማስተምርበት ወንበር፣ ጠመኔው፣ የእኔም እንጀራ የሚወጣው ከዚያው ነው። ቀን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ማታ እየመጡ መናገር ይማራሉ። ሲታመሙ ለሐኪም የሚያማቸውን ያስረዳሉ። አንድ ሰው ካፖርቴን ሰረቅሽ ሲላቸው የሚመልሱት ቃል አላቸው። የእርስዎ ልጅ ግን መግባት አትችልም፤ የሚገባው በሠራተኝነት የተመዘገበ ብቻ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ሕጉ ክፉ ነው።»

«ጎዶሎ ነው። ለአለቆቼም ነግሬያለሁ። እስኪሞላ ግን እሷ ነገ ይደርሳል እያለች ታርጅ?»

እትዬ እንፋሎት ሸሚዙን አጥፈው ሌላ አነሱ። ወሬውንም ወደ ገበያው አዞሩት፦ ትልልቆቹ ላውንደሪዎች ዋጋ እየሰበሩ ነው፣ እሳቸው ቢጨምሩ ደንበኛው ይሸሻል፣ ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ሁለቱም ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። መምህሩም በትዕግሥት አስረዳ። አነስተኛ ሱቅ ሠራተኛ ሲያስመዘግብ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግብሩ ይቀልለታል። ሆስፒታሎችም አንሶላቸውን የሚያሳጥቡት ሠራተኞቹን ካስመዘገበ ሱቅ ጋር ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አንዱ ሠራተኛውን በነጻ እያሠራ ዋጋ ሲሰብር፣ በአግባቡ የሚከፍለው ይከስራል፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ለሁሉም እኩል ከሆነ ግን ውድድሩ በሥራ ጥራት ይሆናል። «ያኔ በአንገትጌ አተኳኮስ እርስዎን የሚያሸንፍ ይመጣል?» አላቸው።

እትዬ እንፋሎት ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ካውያውን አቁመው ወደ ኋላው ክፍል በር ተመለከቱ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ደመወዝ ካገኘች ትሄዳለች፣» አሉ።

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ግብሩም፣ ገበያውም፣ መብራቱም እዚህ ላለመድረስ የዞሩት ዙሪያ ጥምጥም ነው። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ልትሄድ ትችላለች፣» አለ በመጨረሻ። «አላታልልዎትም። ግን እትዬ፣ አሁን አብራዎት ያለችው ወዳዎት ይሁን መሄጃ አጥታ እንዴት ያውቃሉ? እሷስ ራሷ እንዴት ታውቃለች? መንግሥት ሰውን ከሰው ሊያዋድድ አይችልም። መውደድንና መቸገርን ግን ሊለያይልን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው።»

ይህን ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። እትዬ እንፋሎት ደህና ሁን እንኳ አላሉትም።

ማታ እንደ ወትሮው ሾርባና ዳቦ አቀረቡ። ሠራተኛዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። እትዬ እንፋሎት ዳቦውን ቆርሰው ከመስጠት ይልቅ ከፊት ለፊቷ አስቀምጠው ወደ ሾርባቸው ዞሩ። ሾርባዋን ጠጥታ ጨረሰች። ዳቦው እጇ አጠገብ ነበር፤ አልነካችውም። ሳህኗን አንስታ ልታጥብ ተነሳች። በዚያን ጊዜ እትዬ እንፋሎት አንድ ነገር ትዝ አላቸው፦ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ሳይሰጧት እጇን ዘርግታ አታውቅም። የገዛ ልጅ እኮ ድስቱን ከፍታ ታሸታለች፣ «ዛሬም ሾርባ?» ብላ ታኮርፋለች። ይህች ግን በቤቱ ውስጥ ስትኖር የከረመችው እንደ እንግዳ ነው፤ እሳቸውም ከእንግዳ ጋር ብቻቸውን ሲኖሩ ኖረዋል። የዚያን ቀን ብቸኝነት ባላቸው ከሞቱበት ቀን ይልቅ ከበዳቸው።

በሳምንቱ ልጅቷን ይዘው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዱ። ወረቀቱን ሲሞሉ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ አጉረመረሙ። ጸሐፊው ምንዎት ናት ሲላቸው «ልጄ» ብለው ጀመሩ፤ ወደ እሷ ዞር ብለው አዩዋት፤ «ሠራተኛዬ ናት» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ጥርስ እንደ ተነቀለባቸው አመማቸው። ጸሐፊው ሙሉ ስሟን ሲጠይቅ እትዬ እንፋሎት አላወቁትም። እሷ ራሷ ከነአባቷና ከነአያቷ ስም፣ ቀና ብላ ተናገረችው።

አንባቢ ሆይ፣ ሁሉም ነገር በማግስቱ ማር ሆነ ብዬ አልደልልህም። ዋጋ ሲጨመር ሁለት የድሮ ደንበኞች ኩርፊያቸውን ይዘው ማዶ ወዳለው ሱቅ ሄዱ። አንዱ ሸሚዙ ተቃጥሎበት ተመለሰ፤ ሌላው ቀረ። የግብሩ መቅለል ግን እንደተባለው ሆነ፣ ከክረምቱ መጨረሻም ጀምሮ የሆስፒታሉ አንሶላ በቁልል በቁልል ይመጣ ጀመር። ሠራተኛዋ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባች። ካውያ ሲያቃጥላት ቀድሞ ቅቤ ቀብታ ትተኛ የነበረችው፣ አሁን በራሷ የሕክምና ካርድ ሄዳ ታከመች። የካፖርቱን ባለቤት ቤት ፈልጋ አግኝታ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት፤ ወይዘሮዋም እጇን ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። ስለ መንገዱ መብራት ማዘጋጃ ቤት ሄዳ «እኔ ግብር ከፋይ ነኝ» ብላ የተሟገተችም እሷው ናት። ብዙ ካመላለሷት በኋላ በራ። እትዬ እንፋሎት መብራቱ ሥር ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ የታዘበ ጎረቤት፣ ላሚቱን አገኟት እንዴ ብሎ ቀለደባቸው።

ከዚያም የፈሩት ደረሰ። ልጅቷ ሁለት መንገድ አልፎ አንዲት ክፍል ተከራየች። ነገሩን የነገረቻቸው ባማረ ቋንቋ ነው፤ እትዬ እንፋሎትም «ደግ አደረግሽ» ብለው ወደ መተኮሻው ዞሩ። እንፋሎት ውስጥ እንባ አይለይም።

በሥራ ቀን ይገናኛሉ። ሲመሽ ግን ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች። እትዬ እንፋሎት አንዳንዴ ተሳስተው ሁለት ሳህን ያቀርባሉ። የኋላውን ክፍል በር መዝጋትም መክፈትም ያስጠላቸዋል። መምህሩ ሸሚዙን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ፊት ይነሱታል፤ እሱም ለምን እንደሆነ ስለገባው ከፍሎ ይወጣል። የተሠራው ሥራ ትክክል እንደሆነ ያውቃሉ። ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ ግን ቤት አያሞቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የኋላው በር ተንኳኳ። እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። እትዬ እንፋሎት ማን እንደሆነ መገመት አቃታቸው፤ በዚያ በር ማንም አንኳኩቶ አያውቅም፣ አብሮ የሚኖር ሰው በር አያንኳኳምና። ሲከፍቱት እሷ ናት።

«ምን ረሳሽ?» አሏት።

«ምንም አልረሳሁም፣» አለች። «ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ለዚያች ሰዓት ደመወዝ አይታሰብባትም፣ ግብርም አይቆረጥባትም። እትዬ እንፋሎት የበሩን እጀታ እንደያዙ ትንሽ ቆሙ፤ ወዶ የመጣን ሰው እንዴት አድርገው እንደሚቀበሉት ጠፍቷቸው ነበር።

«ግቢ እንጂ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ምን ያቆምሻል?»