የመርጫው እጣቢ

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ብቻዬን በወንዙ ዳር ስንከራተት አጎቴን አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው የላሚቱን ገመድ ይዘዋል። ሰፈሩ «ጋሼ ሳሙና» የሚላቸው ንጽሕና ስለሚወዱ ነው፤ ልብሳቸው ይቅርና የዶማቸው እጀታ እንኳ ከሳሙና አያመልጥም።

«ና እስቲ ይኼን እይ» አሉኝ። ባልዲው በዓሣ ተሞልቷል። «መረብ አልጣልኩ፣ መንጠቆ አልያዝኩ፤ ተንሳፎ ጠበቀኝ። አክስትህ ለማታ ትጠብሰዋለች፣ እንዳትቀር።»

ዓሦቹ ቁስል የላቸውም። ላሚቱን ብመለከት ደግሞ፣ ለመውለድ አንድ ወር እንኳ ያልቀራት ላም፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ ላሚቱ ምን ሆናለች?»

«ሙቀቱ ነዋ። አሁን ውሃ አጠጥቻታለሁ።»

«ከየት አጠጧት?»

«ከዚሁ ነዋ። ከቤተ መንግሥት ላስመጣላት ኖሯል?»

ግራ ገባኝ። ሙቀት ላምን ያደክማል፤ ዓሣንም ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ግን ሁለቱ በአንድ ቀን? ይህን ሳሰላስል ከቁጥቋጦው ሥር አንዲት ጅግራ ወጣች። ልትበር ክንፏን ዘረጋችና እንደ ሰካራም በጎኗ ወደቀች።

«ጋሼ፣ ጎመኑን መቼ ነው የረጩት?»

«ትናንት። ትሉ ድራሹ ጠፋ።»

«መርጫውንስ የት አጠቡት?»

«እዚሁ ወንዙ ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ በሳሙና» አሉ ኮራ ብለው። «ከሥራ በኋላ በደንብ ይታጠብ ብለህ ከመርዙ ጠርሙስ ላይ ያነበብክልኝ አንተ አይደለህም?»

እውነት ነው፣ አንብቤላቸዋለሁ።

«ምናልባት እጣቢው ይሆን?» አልኩ እየፈራሁ።

«መርዙ የትል ነው የኔ ልጅ። ዓሣ ጎመን ይበላል? ደግሞስ መርጫው ውስጥ የሚገባው አንድ ቆርኪ ነው። ወንዝን አንድ ቆርኪ ምን ያደርገዋል?»

«ወንዙ የት አለ ጋሼ? በጋው አድርቆት ኩሬ ሆኗል። የገባበት አይወጣም።»

«ባለፈው ዓመትም አጥቤያለሁ፤ ማን ሞተ?»

ገመዱን እንደያዙ ወደ ታችኛው ሰፈር አዩና፣ «የታችኛው ሰፈር ዳክዬዎች ያለቁት መቼ ነበር? ያኔ አይደል?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

ዕቃ ቤታቸው ቅርብ ነበርና ሄደን ጠርሙሱን አወጣን። እንደ መስታወት ተወልውሏል። «ከሥራ በኋላ በደንብ ይታጠብ» ከሚለው በታች በጥቃቅን ፊደል ሌላ መስመር አለ፦ «ከውሃ ርቆ። እጣቢው ወንዝና ኩሬ ውስጥ ከገባ ዓሣን፣ ወፍንና ከብትን ይገድላል።»

«ይኼ ያን ቀንም ነበር?»

«ነበር ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው ዘለልከው?»

«ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ነበር። ሐሳቤ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።»

«አንተ ታልማለህ፣ እኔ አጥባለሁ» አሉ። «ምን ዓይነት ቤተሰብ ነን? ሂድ ሐኪሙን ጥራ፤ እኔ ዓሣውን ልቅበር። ልጆቹ ቢበሉት ኖሮ…» ብለው ባልዲውን አነሱ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ላሚቱን በመርፌ ወጋት። ዳነች፤ ወሩ ሳይሞላም እግሩ የጸና ጥጃ ወለደች። መድኃኒቱ ይሁን የጠጣችው ውሃ ማነስ ያተረፋት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ግን አጎቴ አሁን መርጫቸውን ከወንዙ ርቀው ማሳው ላይ እንደሚያጥቡ፣ እጣቢውንም እዚያው ጎመኑ ላይ እንደሚረጩት ነው። ትሉ ጥቂት ሲሆን በእጃቸው ይለቅማሉ። ላሚቱ የጉድጓድ ውሃ ትጠጣለች። ከዝናቡ በኋላ ኩሬው ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ታይተዋል፤ ጠዋት ጠዋትም የጅግራ ድምፅ ይሰማል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ወጪ ጥቂት እርምጃ መራቅ ብቻ ነው።

እኔንም አልተዉኝም። የሚነበብ ነገር ባገኙ ቁጥር ያስጠሩኛል። ጣታቸውን መጨረሻው መስመር ላይ ያሳርፉና፣ «ከዚህ ጀምር» ይሉኛል።