በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ

የምስክር ስም፦ ኑዋላ ሄነጋን
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የመጠጥ ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ጎልዌይ ከተማ፣ ከሄነጋን መጠጥ ቤት በላይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2019
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ፊንባር ኮስቴሎ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ መጠጥ ቤቱን ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለብቻዬ አስተዳድራለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አርብ አርብ የቆሸሸ ልብሳቸውን ተሸክመው ወደየእናቶቻቸው ቤት ስለሚሄዱ የሚጨፍሩት ሐሙስ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ቤቱ ሞልቶ፣ ቫዮሊንና ከበሮ የሚጫወቱት ልጆች ጥጋቸውን ይዘው፣ ግማሹ ተማሪ ወንበር ላይ ቆሞ ይዘፍን ነበር። ኤመር ስካሊ የምትባል፣ ከዶኒጎል መጥታ ነርስነት የምትማር ልጅ ብርጭቆዋን ባንኮኒው ላይ ትታ ልትጨፍር ሄደች። እኔ ጥቁር ቢራ ቀድቼ አረፋው እስኪረጋ እዚያው ቆሜ ነበር። ኮርማክ ላቬል የተባለው የሕግ ተማሪ ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ብርጭቆዋ ውስጥ ሲያንጠባጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥርጣሬ አይደለም፤ አይቻለሁ።

ኤመር ተመልሳ ልታነሳው ስትል ብርጭቆውን በእጄ ከደንኩት። "እትዬ ኑዋላ፣ ምን ሆነሻል? ጠምቶኛል እኮ!" አለችኝ። "ይህን አትጠጪም" አልኳት። ኮርማክን ምን እንደጨመረበት ስጠይቀው እየሳቀ "ቫይታሚን ነው ባክሽ፣ ቀልድ ነው" አለ። ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አድርጌ "ቫይታሚን ከሆነ ላንተም ይጠቅምሃል፤ ጠጣው" አልኩት።

ሙዚቃው ቆመ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየው። እሱ ግን አልጠጣውም። "አንቺ አሮጊት፣ የማን ቤት ውስጥ ቆመሽ እንደምትጮሂ ጠፋሽ?" አለኝ። ሕንፃው የአባቱ ነው፤ አልክድም። "ግድግዳው የአባትህ ነው፤ እዚህ ውስጥ የሚጨፍሩት ልጆች ግን የኔ ናቸው" ብዬ መለስኩለት።

ሊወጣ ሲል ቀድሜው በሩን ቆለፍኩና ፖሊስ ጠራሁ። ሳጅኑ ይህን ሲጽፉ በመጀመሪያ "እንዲቆይ ጠየቅሁት" ብለው አስፍረው ነበር። አልጠየቅሁትም፤ በጥያቄዬ ተሰርዟል። ከበሮ መቺው "እትዬ፣ አንዴ ብቻ ልቅመሰው?" ሲለኝ "እጅህን ለከበሮህ አቆየው" ብዬ ከልክዬዋለሁ። ማንም ጫፉን አልነካውም። ብርጭቆውን ከነመጠጡ ለመጡት ፖሊሶች አስረክቤአለሁ፤ ኮርማክንም ይዘውት ሄደዋል።

ቅዳሜ ጠዋት አባቱ አቶ ዴክላን ላቬል መጥተው "ኑዋላ፣ ዓይንሽ ደክሟል። ተሳስቼ ነው በይና ይለቅ። ኪራዩ የሚታደሰው በሜይ መሆኑን አትርሺ" አሉኝ። "ዴክላን፣ ዓይኔ ደህና ነው፤ ልጅህን አይቶታል" አልኳቸው። በሩን ሳይዘጉ ወጡ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው።

ልጁን ያለ ፈቃዱ አግተሻል የሚል አቤቱታ እንደቀረበብኝና ያለ ጠበቃ መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለኝ ሳጅኑ ገልጸውልኛል። እመልሳለሁ። አዎ፣ ይዤዋለሁ። ነገም ያንኑ ሲያደርግ ባየው እንደገና እቆልፍበታለሁ።

ትናንት ሁለት ሴት ተማሪዎች ወደ ቤቴ መጥተው፣ ባለፈው ዓመት ከዚሁ ልጅ ጋር ከተቀመጡ በኋላ የሆነውን ሳያውቁ በማያውቁት አልጋ ላይ መንቃታቸውን ነገሩኝ። አንደኛዋ ያኔ ለጓደኞቿ ስትናገር "ጠጥተሽ ነዋ" ብለው ስቀውባታል። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈሰችም። ሁለቱም ዛሬ ከኤመር ጋር አብረውኝ መጥተው ከዚህ ክፍል በር ውጭ ተቀምጠዋል። እኔ ፈርሜ ስወጣ እነሱ ይገባሉ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ። እንድናገር ያስገደደኝ የለም፤ እንዳልናገር ሊያስገድደኝ የሞከረ ግን አለ።

የምስክር ፊርማ፦ ኑዋላ ሄነጋን
የተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ፊ. ኮስቴሎ