የጋሽ ሚዛን አፍንጫ

ዝናቡ ባይጥል ኖሮ ጋሽ ሚዛን ያን ዕለት የእህታቸውን ልጅ ባላገኟት፣ በቀጥታ ምድር ቤታቸው ወርደው መስኮቱ እንደተዘጋ ሥራቸውን በጀመሩ ነበር። የተጠለሉበት በረንዳ የኬሚካል መመርመሪያው ሕንፃ መሆኑን ያወቁት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ብቅ ብላ፣ “ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?” ስትላቸው ነው።

ሽማግሌው የአሮጌ ዕቃ አዳሽ ናቸው። ሚዛን ያሰኛቸው አፍንጫቸው ነው። የመጣላቸውን ፈሳሽ ሁሉ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱና “ይኼ ክፉ ነው፣ ይኼ ደግ ነው” ብለው ይፈርዳሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ፍርዳቸው ላይ ይግባኝ ያለ አልነበረም።

“የያዙት ምንድን ነው?”

“አዲስ ቀለም ማላቀቂያ። ወዳጄ አናጢው ምድር ቤት ቁም ሳጥን ታቅፎ ይጠብቀኛል። ዛሬ አሮጌውን ቀለም እናላቅቀዋለን፣ ነገ ቫርኒሽ ነው።”

“ምድር ቤቱ መስኮት አለው?”

“አንዲት ጠባብ አለች፤ እሷንም በጨርቅ ወትፌያታለሁ። አቧራ እርጥብ ቫርኒሽ ላይ ካረፈ እኮ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ!”

ልጅቱ ቆርቆሮውን ተቀብላ ጽሑፉን አነበበች። ፊቷ ከበድ አለ።

“ጋሼ፣ ይኼን በተዘጋ ቤት አይክፈቱት።”

“ምን ነካሽ? አሽትቼዋለሁ። እንደ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ጭንቅላት አይበረቅስም። ለስለስ፣ ጣፈጥ ያለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሽታው ጭራሽ ይጠፋል።”

“ሽታው ነው የጠፋው ወይስ አፍንጫዎ ነው የደከመው?”

“አንቺ! አዝዬ ያሳደግኩሽ ልጅ ዛሬ አፍንጫዬን ትንቂ!” ሳቁ፤ ሆኖም ቅር ብሏቸዋል። ሰው ዕድሜ ልኩን የተማመነበትን ነገር ሲነኩበት፣ የነካው የገዛ ዘመዱም ቢሆን፣ ልቡ መጀመሪያ የሚያደርገው በር መዝጋት ነው።

“ባለፈው ሳምንት ወንበሮቹን በዚሁ ሲሠሩ ራስዎን እንዳዞረዎት ባለቤትዎ ነግረውኛል።”

“እሱ የዕድሜ ነው።”

“አናጢውንም አዙሮታል። እሱ ከእርስዎ በአሥር ዓመት ያንስ የለ?”

ጋሽ ሚዛን ወደ ዝናቡ፣ ከዚያም ወደ ቆርቆሮው ተመለከቱ። “እንግዲያው ዝናቡ እስኪያባራ አሳዪኝ፣” አሉ።

ክፍሉ እንደ ሰዓት ሠሪ ጠረጴዛ የጠራ ነበር። በአንድ ብልቃጥ አኳራጅ፣ በሌላው የእሳቸውን ፈሳሽ አድርጋ፣ በየአፋቸው ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ ገጥማ ሁለቱንም ውሃ ውስጥ አቆመቻቸው። የውሃው ሙቀት ሃያ ዲግሪ ነው፤ ንቅንቅ አይልም።

“ገላቸውን ልታጥቢ ነው?”

“ሙቀቱ ከተለዋወጠ ልኩም ይለዋወጣል፣ ጋሼ።” ከዚያ በብልቃጦቹ ውስጥ ያለውን አየር፣ ፈሳሹ ውስጥ የተደበቀውን ጭምር፣ ደጋግማ አወጣች። “አሁን ከፈሳሹ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ፈሳሹ ወደዚያ ይተናል። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን መርፌው ይቆማል። የትነት ግፊት የምንለው እሱን ነው።”

የአኳራጁ መርፌ ከዜሮ ፈቀቅ ማለቷም ያጠራጥር ነበር። የሌላው ግን ወጣ፣ ወጣና በዙሪያችን ካለው አየር ግፊት እኩሌታ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

“ድገሚው፣” አሉ ጋሽ ሚዛን። ሳይደግሙ ለክተው እንጨት ቆርጠው አያውቁም።

ደገመችው። መርፌው እዚያው ቆመ።

“ስለዚህ የሚናከሰው የሚጮኸው ውሻ አይደለማ!”

“የሚጮኸውም ቢሆን አልተገራም። ግፊቱ የሚነግረን ምን ያህሉ አየር ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው። መርዝነቱን ሌሎች ያጠናሉ። ሁለቱን አጋጥመን ነው በዚህን ያህል ክፍል፣ በዚህን ያህል መጠን ለሰው ያሰጋል፣ አያሰጋም የምንለው። የዚህ እንፋሎት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ነው የሚተኛው።”

ወለል ስትል አናጢው ታያቸው፤ በቁም ሳጥኑ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ አቀርቅሮ ሲፍቅ።

“ጉልበቴን ያመኛል እያልኩ የታችኛውን ሁልጊዜ ለእሱ ነው የምተወው፣” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልጅቱ ቆርቆሮውን ከድና መለሰችላቸው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ ሚዛን ወደ ምድር ቤታቸው ሄደው፣ ከአናጢው ጋር ቁም ሳጥኑን ለሁለት ተሸክመው ግቢ አወጡት። አናጢው እያለከለከ፣ “አንተ ሰው! ዕድሜ ልክህን አቧራ፣ አቧራ ስትል ኖረህ ዛሬ ሜዳ ላይ?” አለ።

“አቧራ በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ሳንባህን ግን በምን ልፈግፍግልህ?”

ከዚያ ወዲያ ቀለም የሚላቀቀው ከቤት ውጭ ሆነ። ለቫርኒሹም ጋሽ ሚዛን ራሳቸው መላ አገኙ፤ የምድር ቤቱን መስኮት ከፍተው ስስ ጨርቅ ወጠሩበት። አየሩ ያልፋል፣ አቧራው ይቀራል። የቆርቆሮው ክዳንም ወዲያው መዘጋት ስለጀመረ ለአንድ ቁም ሳጥን ያልበቃው ፈሳሽ ለሁለት በቃ። ራስ ማዞሩም ቀረ፤ “የዕድሜ ነው” የተባለው ዕድሜ ሳይቀንስ ሄደ።

አንድ ቀን ጎረቤት ጠርሙስ ይዞ መጣ። “እስቲ ያሽትቱልኝ፣ ጋሽ ሚዛን።”

እሳቸው ጠርሙሱን ሳይከፍቱ መለሱለት። “አፍንጫዬ ጡረታ ወጥቷል። ለእህቴ ልጅ ውሰድላት።” ትንሽ አሰብ አደረጉና አከሉ፣ “ሁለት ጊዜ እንድትለካው ንገራት።”