ለአቶ ቢሻው ልወርድ ስል

የምስክር ቃል

የባለቃሉ ስም፦ መሳፍንት ዓባይነህ
ዕድሜ፦ 28
ሥራ፦ ፀጉር አስተካካይ
አድራሻ፦ መኖሪያ ባንጃ ወረዳ ዘንገና፣ የሥራ ቦታ ኢንጅባራ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ
ጉዳዩ፦ ደርበው ይሄነው የተባለው የባጃጅ ሹፌር ብስክሌተኛ ገጭቷል ስለመባሉ
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ሀይማኖት ፀጋው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ባለቃል እውነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለብኝ ተነግሮኝ ቃሌን በፈቃዴ እሰጣለሁ። ከሹፌሩ ከደርበው ይሄነው ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም፤ ከዛሬ በፊት ፀጉሩን እንኳ ቆርጬው አላውቅም። በቦታው ከነበሩት ከአቶ ቢሻው ምህረቴ ጋርም ዝምድና የለኝም። ከእሳቸውስ ጋር ጠብ አለህ ወይ ተብዬ ስጠየቅ ጠብ ሳይሆን ጉዳይ አለኝ ብዬ መልሻለሁ፤ ጉዳዩንም በቦታው እናገራለሁ።

ከዘንገና ወደ ኢንጅባራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ተማሪ ሳለሁ በዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር በብስክሌት ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ሳጅን ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ያስፈልጋል ስላልሁ ተጽፏል። የዚያ ውድድር ነገር ከልቤ ስላልወጣ ነው ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ላይ ውድድር ካቆመ ሰው የእሽቅድድም ጫማና ፔዳል የገዛሁት። ጫማው ሶሉ ሥር ትንሽ ብረት አለችው። ሲረግጡበት ብረቷ ፔዳሉ ውስጥ ቀጭ ብላ ትገባና እግርና ፔዳል አንድ ይሆናሉ። ዳገት ላይ እግር ሲወርድም ሲወጣም ስለሚገፋ ጥቅሙ ብዙ ነው። ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ በዲከረንሱ ዛፍ መካከል በዚያ ጫማ ሽቅብ ስወጣ ከእኔ የተሻለ የሚኖር ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ መውረድ ላይ ነው። እግርን ለማውጣት ወደ ላይ መሳብ አይበቃም፤ ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰው ሲረጋጋ ቀላል ነው። ሲደነግጥ ግን እግር የሚያውቀው መሳብን ብቻ ነው።

በአገራችን በፈረስም በበቅሎም በብስክሌትም የሚሄድ ሰው ታላቁን መንገድ ላይ ሲያገኝ ወርዶ ሰላምታ ይሰጣል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነው ያደግሁት። ጫማውን ከገዛሁ ወዲህ ግን መውረድ ተውሁ። አንዴ ከወረድሁ ዳገት ላይ መልሶ መነሳት ያስቸግረኛል፤ ጫማውም አስፋልት ላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ ታላላቆቼን ሳገኝ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ማለፍ ጀመርሁ። ጥፋቱ የጫማው ብቻ ነው አልልም።

ከአቶ ቢሻው ጋር አለኝ ያልሁት ጉዳይ የሚከተለው ነው። ልጃቸው ውቢት ዳንግላ ውስጥ መምህርት ናት፤ እሷና እኔ እንዋደዳለን። በመስከረም ወር ወደ አቶ ቢሻው ቤት ወደ ጥርባ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አቶ ቢሻው ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው የሰጡት መልስ ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ክፉም አላየሁበትም፣ ነገር ግን ለሰው አይወርድም የሚል ነው። ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻቸው አንገቴን ነቅንቄ አልፌያቸዋለሁ። “ለእኔ ያልወረደ ለልጄ ይወርዳል?” ብለው ለጊዜው ይቆይ አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመለሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር፤ ምክንያቱም ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ቢሻውን ባገኘሁ ጊዜ እንዴት እንደምወርድ ስለማመድ ቆይቻለሁ። ከሥራ ስመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ አቶ ቢሻውን ሆና ትቆምልኛለች። እኔ ከታች መጥቼ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ተረከዜን ጠምዘዝ አደርጋለሁ፣ ወርጄ ጎንበስ እላለሁ። እናቴም የእሳቸውን ድምፅ አስመስላ “እንዴት ዋልህ” ትለኛለች። ጎረቤቶቻችን ሲስቁብን ከርመዋል። ጥሩ አድርጌ ለምጄው ነበር፤ እናቴ ትመስክር።

ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ከተማው መግቢያ ላይ ወይዘሮ ደጊቱ ድንች ከሚሸጡበት ቦታ ስደርስ አቶ ቢሻው ከሚካኤል ሲመለሱ አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ዳማ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሌሎች ሰዎችም በእግር አብረዋቸው ነበሩ። ልቤ ደስ አለው፤ ቀኑ ደረሰ አልሁ። ፍጥነቴን ቀንሼ ዳር ያዝሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደተለማመድሁት ነበር። አቶ ቢሻው ግን እናቴ አድርጋ የማታውቀውን አደረጉ። እኔ ሳልወርድ እሳቸው ከፈረሳቸው ወረዱ። ልጓሙን ይዘው መንገድ ዳር ቆሙና ጎንበስ ብለው “እንዴት አደርህ ጌታው” አሉኝ።

በዕድሜ ከአባቴ የሚበልጡ፣ ያውም ልጃቸውን የለመንኋቸው ሰው፣ ለእኔ ወርደው ጌታው ሲሉኝ ደሜ ቀጥ አለ። ፍሬን ያዝሁ፤ ብስክሌቱ ቆመ። ቀኝ እግሬን ወደ ላይ ሳብሁት፤ እምቢ አለ። ግራውን ሳብሁት፤ እሱም እምቢ አለ። ተረከዝ የሚባል ነገር እንዳለኝም አላስታወስሁም። ብስክሌቱ ስለቆመ በግራ ጎኔ ወደቅሁ። አወዳደቄ ቀስ ያለ ነበር፤ እየወደቅሁ የወይዘሮ ደጊቱን ድንች፣ የፈረሱን ሆድና ሰማዩን በየተራ አይቻለሁ።

የደርበው ባጃጅ ከኋላዬ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ደርበው ወድቄ ሲያየኝ መሪውን ወደ ዳር ጠምዝዞ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ የፊት መብራቱም ተሰበረ። እኔንም ብስክሌቴንም አልነካም። ባይጠመዝዝ ኖሮ ዛሬ ቃል የምሰጠው እኔ አልነበርሁም።

ስወድቅ የምይዘው ነገር ፍለጋ እጄን ዘርግቼ ነበር። የያዝሁት የአቶ ቢሻውን እግር ነው። ግንባሬም ጫማቸው ላይ አረፈ። ሰው በሰው እግር ላይ የሚወድቀው ለይቅርታ ወይም ለልመና እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የወደቀም ሰው የለመነውን ሳያገኝ አይነሳም። አቶ ቢሻው መጀመሪያ በአገውኛ ተነስ አሉኝ። ሁለት እግሬ ተቆልፎ ብስክሌቱ ስለተጫነኝ መነሳት አልቻልሁም። ቀጥለው በአማርኛ “ተነስ እንጅ ልጄ” አሉኝ። አሁንም አልተነሳሁም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሰዎች ከበቡንና አንዲት እናት “ማሩት አያ ቢሻው፣ የሚካኤል ዕለት ነው” አሏቸው። አቶ ቢሻው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ “በቃ፣ ልጄን ሰጥቸሃለሁ፣ ተነስ!” አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። በዚያው ቅጽበት ከወዲያ በኩል ወይዘሮ ደጊቱ “ኡኡ! ባጃጅ ልጁን ፈጀው!” እያሉ ይጮሁ ነበር። በአንድ ጊዜ እልልታም ኡኡታም ተሰማልኝ።

እኔ መሬት ላይ ሆኜ ጫማዬን ፍቱልኝ እል ነበር፤ የሰማኝ ግን የለም። ከባጃጁ ወርዶ ጎንበስ ያለልኝ ደርበው ነው። “አይዞህ ወንድሜ” እያለ የጫማውን ማሰሪያ ፈታልኝና እግሬን መዝዤ ተነሳሁ። አቶ ቢሻው ጉንጬን ሲስሙኝ በካልሲ ነበርሁ። ጫማዎቹ እስካሁን ፔዳሉ ላይ እንደተቆለፉ ናቸው፤ ብስክሌቱ እዚህ ግቢ ውስጥ ስላለ ሳጅንም ወጥተው አይተዋል። ክርኔ ተልጧል፣ ዳሌዬም ይጠዘጥዘኛል፤ በዚህ ማንንም አልከስም።

የወይዘሮ ደጊቱን ጩኸት የሰሙ ሰዎች ደርበውን አንገቱን ይዘው አላስኬድም አሉ፤ ትራፊክ ፖሊስ ደርሶም እሱንና ባጃጁን ወደዚህ አመጣ። እኔ ያን ጊዜውኑ አልነካኝም ብዬ ተናግሬያለሁ። ታዲያ ምን ጣለህ ተብዬ ስጠየቅ ግን ዝም አልሁ። ወይዘሮ ደጊቱ የቆመ ብስክሌት ሰው አይጥልም ስላሉ የሚታመነው የእሳቸው ቃል ሆነ። እሳቸውም አልዋሹም፤ ከድንቻቸው ቀና ሲሉ ያዩት እኔ ወድቄ ባጃጅ አጠገቤ ቆሞ ነው።

ዝም ያልሁት አቶ ቢሻው እየሰሙ እውነቱን መናገር ስላፈርሁ ነው። በኋላም እዚህ ግቢ ተራ ስጠብቅ ውቢት ከዳንግላ ደወለችልኝ። አባቷ እንደ መሳፍንት ያለ ጨዋ አላየሁም፣ በሰው ፊት እግሬ ላይ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነስ እስክለው ለመነኝ ብለው እንደነገሯት፣ እናቷም ቤት ውስጥ እልል እንዳሉ ነገረችኝ። “ማን መከረህ?” አለችኝ እየሳቀች። ስትስቅ ሰምቼ ጫማው ነው ልላት አልቻልሁም፤ በኋላ እነግርሻለሁ አልኋት። እግራቸው ላይ የወደቅሁት ለልመና ነው ብዬ ቃሌን ብሰጥ ደርበውም ይለቀቃል፣ ውቢትም የእኔ ትሆናለች፣ ማንም አይጎዳም ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ በመስኮቱ ደርበውን አየሁት። ቦዩ ውስጥ የገባው ለእኔ ነው፤ ጫማዬን የፈታልኝም እሱ ነው። እሱን በውሸት ማስፈታት አስጠላኝ። ሚስቴንም በእንቅፋት ማግባት አልፈለግሁም፤ አንድ ቀን ጫማውን የሚያውቅ ሰው ለአቶ ቢሻው ቢነግራቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ስለዚህ የጣለኝ ጫማዬና ድንጋጤዬ እንጂ ባጃጅ አይደለም። እግራቸውን የያዝሁትም እንዳልወድቅ ብዬ እንጂ ለመለመን አይደለም። አቶ ቢሻው ቃላቸውን የሰጡት እንደለመንኋቸው አስበው ስለሆነ መልሰው ቢወስዱት አልቃወምም። በጣም አዝናለሁ፤ ግን አልቃወምም። አቶ ቢሻው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ቃሌ እሳቸው ባሉበት ጮክ ተብሎ እንዲነበብልኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። አንድም ሐሰት የለበትም፤ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቃለሁ።

የመርማሪ ተጨማሪ ማስታወሻ፦

ቃሉ በባለቃሉ ጥያቄ አቶ ቢሻው ምህረቴ ባሉበት ተነቧል። ባለቃሉ በንባቡ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አቶ ቢሻው እናቲቱ እሳቸውን ሆና ትቆም ነበር የሚለው ቦታ ላይ እንዲደገምላቸው ጠይቀው ተደግሞላቸዋል። ንባቡ ሲያልቅ፣ ቀድመው ከፈረስ የወረዱት ባለቃሉን በሰው ፊት ለማሳፈር ብለው እንደነበር፣ ጥፋቱም የእሳቸው ጭምር እንደሆነ ተናግረዋል። ባጃጁ እንዳልገጨውም በዓይናቸው ማየታቸውን አረጋግጠዋል። በባጃጁም በብስክሌቱም ላይ የግጭት ምልክት ስላልተገኘ ደርበው ይሄነው ተለቋል፤ የተሰበረውንም መብራት ባለቃሉ አስጠግናለሁ ብሏል።

አቶ ቢሻው ንባቡን ለመስማታቸው እንዲፈርሙ ሲጠየቁ ቃሉ ውስጥ አንድ ሐሰት ስላለ አልፈርምም አሉ። የቱ ነው ተብለው ሲጠየቁ መጀመሪያው ላይ ያለው እንዲነበብላቸው ጠየቁ። “ከአቶ ቢሻው ምህረቴ ጋርም ዝምድና የለኝም” የሚለው እንደተነበበ “እሱ ነው ሐሰቱ፣ ይሰረዝ” አሉ። ባለቃሉ እርማቱን ትቀበላለህ ወይ ተብሎ ተጠይቋል። ውሃ ተሰጥቶት ከጠጣ በኋላ እቀበላለሁ ብሏል። ዓረፍተ ነገሩ ተሰርዞ ሦስታችንም ፈርመንበታል።

ባለቃል፦ መሳፍንት ዓባይነህ (ፊርማ)

ንባቡን የሰማ፦ ቢሻው ምህረቴ (የጣት አሻራ)
ከባለቃሉ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አማቱ

መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ሀይማኖት ፀጋው (ፊርማ)