ዋርሳዬ ያስተማረኝ ሕግ

ዋርሳዬ ሰዒድ፣ የባለቤቴ ታናሽ፣ ደሴ ሕግ ይማራል። ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ እኛ ቤት ደብተሩን ይዞ ከች አለ። መምህራቸው «ሕግ ላልተማረ ሰው ውል ምን እንደሆነ አስረዱና የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ጽፋችሁ አምጡ፤ ጥያቄ ያላመጣ ዜሮ ነው» ብሏቸዋል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ስለሆንኩ ተመረጥኩ። ልጄን እያጠባሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰማሁት፤ ትንፍሽ አላልኩም።

«እታለም፣ በአላህ አንድ ነገር ጠይቂኝ! ዜሮ ልታሰጪኝ ነው?» አለ፣ ላብ አጥምቆት።

«ቅድም ዝም ያለ ሰው በውሉ እንደተስማማ አይቆጠርም ብለኸኛል አይደል?»

«አዎ!»

«ታዲያ የኒካሄ ዕለት ጠይቀውኝ ዝም ብል፣ ዝምታዋ እሺታዋ ነው ብለው ዳሩኝ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሰዒድ ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ ያገላብጥ ጀመር። ይሄኔ ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለና፣ «ቆይ አንቺ፣ ተስማምተሽ አልነበረም እንዴ?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሰዒድ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ቀስ ብለህ ድገመው፤ ሁለተኛ ጥያቄ ብዬ ልጻፈው» አለ።