ጋራዥ የማታውቀው መኪና

ግባ፣ ግባ የኔ ጌታ። ጫማህን ተወው፣ ቤቱ ገና አልተወለወለም። ዳቦው ሁሉ ተከፋፍሎ አለቀ? ተመስገን። ያ ጉደኛ መኪናህስ ዛሬ አነሳሱ እንዴት ነበር? በሩ አሁንም በገመድ ነው የሚታሰረው?... አትሳቅ፣ እኔ ወድጄዋለሁ። ባለፈው ሐኪም ቤት ስታደርሰኝ፣ ነርሷ ኮቴ ላይ ዱቄቱን አይታ «እማማ፣ ዳቦ ቤት ነው እንዴ የሚሠሩት?» አላለችኝም!

እዚህ ተቀመጥ። ልጄ ነው፣ ስልኩን ይዟል፣ አይሰማንም። ልጄ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግለት፣ ጎረቤት መጥቷል... ጎሽ።

መኪና ካነሳን አይቀር፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሃል? የተከበረ ሰው ነው። መኪናውማ... ምኑን ልንገርህ! ወንበሯ ቆዳ፣ ሲበርድ ደግሞ ከሥር የሚያሞቅ። አሉ ነው የምልህ፤ እናቱ ተቀምጣባት አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥባት ግን በመስኮት ታያለች። እንዴት እንደሚያሻት ብታይ! ጎማዋን እንኳ በጥርስ ብሩሽ ነው። እናትየው «እንዲህ ለስለስ ያለ እጅ ያለው ልጅ ነው ለካ የወለድኩት» ብላ ኮራች።

ደግሞ መኪናዋ አዛኝ ናት። አታምነኝም? አሮጊቷ ቀጠሮ ሲኖራት አብራ ትታመማለች። እሷ ዓይኗን ልትታይ ስትነሳ መኪናዋን ፍሬኗን ያማታል። እሷ መድኃኒት ልትቀበል ስትል መኪናዋ ዘይት ታፈሳለች። አንድ ጊዜማ ኮምፒውተሯ ዞሮባት ነበር። መኪና ራሷን ያዞራታል እንዴ? እኔ ምን አውቄ። በማግስቱ ግን... ድና ትነሳለች! ጓደኞቹን ጭና ሐይቅ ዳር ወርዳ ትመለሳለች።

እናትየው ስታዝንለት ኖረች። «ልጄ በዚች መኪና ነደደ» ትል ነበር። መካኒኩን ሳይቀር ነው በጸሎቷ የምታስበው፣ እጁን ባርክለት እያለች።

ባለፈው እሑድ አንድ ባልደረባው መጣ። ያቺኑ ዓይነት ሊገዛ ፈልጎ፣ እስቲ ምከረኝ ብሎ። መቼም ከባለቤቷ በላይ ማን ያውቃታል? ሰውየው ደረቱን ነፍቶ ምን ቢለው ጥሩ ነው... «ዘጠኝ ዓመት ነዳኋት፣ አንድ ቀን ጋራዥ ገብታ አታውቅም። ዘይት መቀየር ነው፣ እሱንም እደጄ ላይ። ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ።» እናቱ እኮ አጠገቡ ናት! የደከመው ዓይኗ ነው እንጂ ጆሮዋ ምንም አልሆነ። ምን አለች? ምን ትላለች! ሻይ ጨመረችላቸው።

እኔን የሚገርመኝ፣ ለማን ነው የዋሸው? ለባልደረባው ከሆነ ያሳዝናል፣ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ነው። ለእናቱ ከሆነ ደግሞ... ተወው፣ ትልቅ ሰው አይዋሽም። ምናልባት ሁለት መኪና ይኖረው ይሆናል፤ አንዷ የጓደኞቹ፣ አንዷ የእናቱ። የእናቱ ናት ጋራዥ የቀረችው።

ልጄ፣ ስልክህ ጠፋ እኮ። እኔ እንኳ በዚህ ዓይኔ ብርሃኑ መጥፋቱን አየሁ፣ አንተ አሁንም ታነባለህ? አይ፣ እንዲያው ነው።

የነገው? አዎ፣ ነገ ጠዋት ነው። ግራ ዓይኔን ኦፕራሲዮን ያደርጉታል። ሲሸፈን ሌላኛውም እንደምታውቀው ነው፣ ደረጃውን እጅሽን ይዞ የሚያወርድሽ ሰው ይምጣ ብሎኛል ሐኪሙ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም። ልጄ ሊወስደኝ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ግን መኪናው... ምን ነበር ያልከኝ ልጄ?... ጋራዥ። አዎ፣ ነገ ጋራዥ ልትገባ ነው። ምን ይደረግ፣ መኪና ነው! በእግርም በታክሲም አብሮኝ መሄድ ይቻል ነበር፣ ግን መኪናን ጋራዥ ብቻዋን ትቶ መሄድ ይከብዳል፣ ልጅ አይደለች... እና አንተ ከዳቦ ሳጥኖችህ መሀል ትንሽ ቦታ አብጅልኝ። ኮቴን አራግፋለሁ።

ያን የነገርኩህን ሰው ግን አልቀየምኩትም። ሳልመርቀውም አልተኛም። ዕድሜ ይስጠው፣ ለሽበት ያብቃው። ዓይኑ የደከመ ቀን ቁርጥ እሱን የሚመስል ልጅ አጠገቡ ያስቀምጥለት። የልጁም መኪና እንደ አባቱ መኪና ጋራዥ የማታውቅ ትሁን።

አሜን በል እንጂ የኔ ጌታ... ልጄ፣ አንተስ? አሜን አትልም?